የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራና ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። አብረዋቸው የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ገርማሜ ንዋይ፣ የጸጥታው ኃላፊ ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ እና የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ናቸው። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ጄኔራሉም መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ተቀጡ። ስለ እኚህ መኮንን የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ ወገን ሰማዕት፣ ሌላው ወገን እጁን በጎረሰበት ላይ ያነሣ ከሃዲ ይላቸዋል። ሁለቱም ወገኖች በእርግጠኝነት ከሚደጋግሟቸው ነገሮች መካከል ግን ከታሪኩ ጋር የማይገጥሙ አሉ።

«መንግሥቱ የተባለው ያው ደርጉ ነው»

ይህ ስሕተት በስም መመሳሰል የመጣ በመሆኑ በአጭሩ ይታረማል። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሞቱት ደርግ ከመቋቋሙ ከ13 ዓመታት በፊት ነው። በ1966 ዓ.ም. ከሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር ተወክለው ወደ ደርግ የገቡት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሌላ ሰው፣ የሌላ ጦር መኮንን ናቸው።

«ጦሩ በሙሉ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሥቶ ነበር»

ሙከራውን ያከሸፈው ራሱ ጦሩ ነው። የተነሣው ክቡር ዘበኛ ሲሆን፣ ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ በታማኝነት ጸንተዋል። ይህ መከፋፈል በአንድ ሌሊት የተፈጠረ አልነበረም። ክቡር ዘበኛ ለንጉሠ ነገሥቱ ቅርብ፣ በአለባበሱም በሥልጠናውም የተመረጠ፣ መኮንኖቹን ስዊድናውያን ያሠለጠኑለት ጦር ነበር፤ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም በአብዛኛው የተውጣጡት ከዚሁ ነው። ምድር ጦሩ በበኩሉ ከአሜሪካውያን አማካሪዎች ጋር ይሠራ ነበር፤ በሁለቱ መካከልም ቅሬታና ፉክክር ሥር ሰዶ ቆይቷል። አንዱን ጦር በሌላው ማመዛዘን ለዙፋኑ ዋስትና ይሆናል ተብሎ የተያዘ ዘዴ ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ በዚያች ሳምንት ያ ዘዴ ሠርቷል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በገዛ ከተማቸው እርስ በርስ የተታኮሱት ወታደሮችና በመካከል የተገኘው ሕዝብ ናቸው።

የሙከራው ትልቁ ወታደራዊ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ጠንሳሾቹ ሚኒስትሮችንና መሳፍንትን «እቴጌ መነን ታመዋል» በሚል ጥሪ ወደ ቤተ መንግሥት ሰብስበው ሲያግቱ፣ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹሙን ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻንና የምድር ጦር አዛዡን ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬን በቁጥጥር ሥር አላዋሉም። ሁለቱ ጄኔራሎች ከደጃዝማች አሥራተ ካሣ ጋር ሆነው ታማኙን ጦር አደራጁ፤ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ የውግዘት ቃልም በወረቀት ታትሞ ተበተነ። ሬዲዮ ጣቢያውንና ቤተ መንግሥቱን የያዘ ሰው አገሪቱን የያዘ ይመስለው ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን የፓትርያርኩ ውግዘትና የክፍለ ጦር ታንክ ከሬዲዮ አዋጅ ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የክቡር ዘበኛው ወታደር በሙሉ ዓላማውን ዐውቆ እንደ ተሰለፈ የሚነገረውም ትክክል አይደለም። አብዛኛው ተራ ወታደር የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱን እየጠበቀ እንደሆነ ያመነም ነበር። የመኮንኑ ኃላፊነት የሚከብደው በዚህ ነው፤ ወታደሩ የሚያምነው ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን የሚያዝዘውንም ሰው ነውና፣ አዛዡ ዓላማውን ደብቆ ሲያሰልፈው የነጠቀው ሕይወቱን ብቻ አይደለም።

«ጄኔራሉ የወንድማቸው መሣሪያ ብቻ ነበሩ»

የሐሳቡ አፍላቂ አቶ ገርማሜ መሆናቸው አያከራክርም። በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው የተመለሱት ገርማሜ፣ በወላሞ (በዛሬው ወላይታ) አውራጃ ገዥነታቸው ለመሬት አልባ ገበሬዎች መሬት ለማደል በመሞከራቸው ከባለ መሬቶች ጋር ተጋጭተው ወደ ጅጅጋ ተዛውረዋል። የለውጥ ጥማታቸው ከዚህ ተሞክሮ የተወለደ መሆኑን መረዳት አይከብድም።

ይሁን እንጂ ጄኔራሉን እንደ ተጎታች መቁጠር ከሥልጣናቸው ጋር አይስማማም። ያለ አዛዡ ፈቃድ አንድም የክቡር ዘበኛ ሻለቃ ከሰፈሩ ባልተንቀሳቀሰ ነበር። በስደት ዘመን በሱዳን የውትድርና ትምህርት የተከታተሉ፣ ከነጻነት በኋላ በማዕርግ እያደጉ በሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ እግር የተተኩ፣ የንጉሡን ነፍስ እንዲጠብቁ አደራ የተሰጣቸው ሰው ናቸው። በችሎትም ጥፋቱን በሙታን ላይ ማላከክ ሲችሉ ያን አላደረጉም፤ የሞት ፍርድ ከተሰጣቸው በኋላም ይግባኝ ለመጠየቅ አልፈቀዱም። ከወንድማቸው ጥላ ሥር ሊሰውሯቸው የሚፈልጉ ወዳጆቻቸው ሳያውቁት ይህን ክብራቸውን ይነፍጓቸዋል።

«ዘውዱን ሽረው ሪፐብሊክ ሊያውጁ ነበር»

በልባቸው የነበረውን መገመት ለማንም ክፍት ነው፤ ለሕዝብ የተነገረው ግን ይህ አልነበረም። በሬዲዮ የተላለፈው አዋጅ የተነበበው በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ድምፅ ሲሆን፣ አልጋ ወራሹ በሕገ መንግሥት ሥር፣ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደመወዝ ተቆርጦላቸው እንደሚያገለግሉ ይገልጽ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሰየሙትም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ልዑል ራስ እምሩ ናቸው። አዋጁ አዲስ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲራመዱ ኢትዮጵያ ወደኋላ መቅረቷን አንሥቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ታኅሣሥ 6 ቀን በድጋፍ ሰልፍ የወጡት ይህ ቁጭት የእነሱም ስለነበረ ነው።

«በአረንጓዴው ሳሎን የተገደሉት የለውጥ ጠላቶች ነበሩ»

ይህ አባባል ከሁሉም የበለጠ መታረም የሚገባው ይመስለኛል፤ ለዓላማው ያለን አዘኔታ ደምን እንዳናይ ያደርገናልና። ታማኙ ጦር ታኅሣሥ 7 ቀን ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቃረብ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው በነበሩት ባለሥልጣናት ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ 15 ሰዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በአምስቱ የጠላት ዘመን በሸዋ በረሃ ጣሊያንን የተዋጉት አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ፣ የትግራዩ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻና አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ይገኙበታል።

ከእነዚህ ጋር ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም ወደቁ። ጄኔራል ሙሉጌታ የቀድሞው የክቡር ዘበኛ አዛዥ፣ በወታደሩ ዘንድ እጅግ የተወደዱ ሰው ነበሩ፤ የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎችም የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም አድርገው በሬዲዮ የሾሟቸው እሳቸውን ነው። ማክሰኞ ማታ የተያዘን፣ በማግሥቱ የተሾመን፣ ዐርብ ዕለት የተገደለን ሰው የለውጥ ጠላት ብሎ መጥራት አይቻልም። ያልታጠቁ እስረኞችን መግደል የጦር ሜዳ ውሳኔ ሊባል አይችልም፤ ቃታውን የሳበው ማንም ይሁን ማን፣ እስረኞቹ በክቡር ዘበኛ እጅ ስለነበሩ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ከኃላፊነቱ አያመልጡም። የገበሬውን መሬት አልባነት አንሥቶ ለተነሣ እንቅስቃሴ ይህ ፍጻሜ በመሆኑ ዛሬም ልብ ይሰብራል።

በነገራችን ላይ፣ ግድያው በምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ ተፈጸመ የሚናገሩ አሉ። ገነተ ልዑል የሚገኘው ስድስት ኪሎ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውታል።

«መሪዎቹ ሲሞቱ ነገሩ አበቃ»

ጄኔራል ጽጌና ኮሎኔል ወርቅነህ በግጭቱ ሞቱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማ ሸሽተው ታኅሣሥ 15 ቀን በዝቋላ ተራራ አካባቢ ተከበቡ፤ ገርማሜ በዚያው ሕይወታቸው አለፈ፣ ጄኔራሉ ፊታቸው ላይ ክፉኛ ቆስለው ተያዙ። ክቡር ዘበኛም እንደገና ተዋቀረ። ክስተቱም «የታኅሣሥ ግርግር» የሚል ስም ወጣለት፤ መንግሥት የመገልበጥን ሙከራ ግርግር ብሎ መጥራት ነገሩን ማሳነስ ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም።

በሠራዊቱ ውስጥ የተረፈው ትምህርት ከዚህ ስም ይከብዳል። ዙፋኑን ያተረፈው ምድር ጦር በዚያው ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወታደሩ የመንግሥት ዕድሜ በእጁ እንዳለ ዐወቀ፤ በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች ሲያምፁም የተነሡት በምግብ፣ በውሃና በኑሮ ጥያቄ ነበር። ተማሪውም የመሬት ጥያቄን አንሥቶ አልተወውም፤ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ ወጣ።

የ1953ቱን ሙከራ ካከሸፉት መካከል አሥራተ ካሣ ልዑል ራስ ተብለው የኤርትራ እንደራሴ ሆኑ፤ ከበደ ገብሬም የሌተና ጄኔራልነት ማዕርግ ደረሱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናትና መኮንኖች መካከል ሁለቱም ነበሩ።