የእስትንፋስን ምት በሒሳብ መጻፍ

ልብ የራሱ ምት ሰጪ ሕዋሳት አሉት። ከደረት ቢወጣ እንኳ ለጊዜው ይመታል። አየር የሚያስገባልን የደረት ሥር ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ግን ከአንጎል ትእዛዝ ካልመጣለት ንቅንቅ አይልም። ተኝተንም ሆነ ነቅተን ይህን ትእዛዝ የሚልከው በአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ያለ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ለጋሏ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጥንቸሎች ላይ ሞክሮ አካባቢውን ጠቁሞ ነበር። ትክክለኛው ቦታ የተለየው ግን በ1991 ነው። ጄፍሪ ስሚዝ፣ ጃክ ፌልድማንና ባልደረቦቻቸው ከተወለደች ብዙም ካልቆየች አይጥ የአንጎል ግንድ ስስ ቁራጭ ቆረጡ። የተቀመጠበት ፈሳሽ ውስጥ ፖታሲየም ጨመር ሲያደርጉ ቁራጩ ለብቻው፣ ያለ ሳንባና ያለ ደም፣ የእስትንፋስን ምት መምታት ቀጠለ። ምቱም ወደ ምላስ በሚሄደው ነርቭ ሥር ላይ ይነበብ ነበር። ቦታው ፕሪ-ቦትዚንገር ይባላል። ጎረቤቱ ቦትዚንገር ስሙን ያገኘው ጀርመን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ከቀረበ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው።

የሒሳቡ መሠረት የተጣለው ቀደም ብሎ፣ በ1952 ነው። ሆጅኪንና ሃክስሊ ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ነርቭ አጥንተው፣ ሶዲየምና ፖታሲየም በሕዋሱ ሽፋን ሲገቡና ሲወጡ ቮልቴጁ እንዴት እንደሚለዋወጥ በዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ማለትም የለውጥን ፍጥነት በሚገልጽ ቀመር፣ ጻፉት። በ1963 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ሮበርት ቡቴራ፣ ጆን ሪንዝልና ስሚዝ በ1999 ያወጡት ሞዴል የዚህ ዘርፍ ዋልታ ነው። ውበቱ ቀላልነቱ ላይ ነው፤ አንዱን ሕዋስ በሦስት ተለዋዋጮች ብቻ ይገልጸዋል። ቁልፉ ቶሎ የማይዘጋ ትንሽ የሶዲየም ፍሰት ነው። የጣሪያ ሮቶን አስቡ። ሲሞላ ይለቀቃል፣ ሕዋሱም ተከታታይ ምልክት ያዘንባል። እየተኮሰ ሳለ ፍሰቱ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ሲያልቅ ሕዋሱ ዝም ይላል። በዝምታው ጊዜ ሮቶው እንደገና ይሞላል። የመሙላቱ ፍጥነት እስከ 10 ሰከንድ በሚደርስ የጊዜ መለኪያ ስለተጻፈ ነው ምቱ እንደ እስትንፋስ ዝግ የሚለው። ሁለተኛው ጽሑፋቸው ሕዋሳቱን አያያዘ። አንድ ዓይነት ያልሆኑ ሕዋሳት ሲጣመሩ፣ አንዱ ብቻውን ከሚችለው በሰፋ ክልል ውስጥ አብረው እንደሚመቱ አሳየ። ልዩነታቸው ጠቀማቸው ማለት ነው።

ክርክሩ የመጣው በ2002 ነው። ክሪስቶፈር ዴል ኔግሮና ባልደረቦቹ ይህን የሶዲየም ፍሰት ሪሉዞል በተባለ መድኃኒት ቢዘጉትም የቁራጩ ምት አልቆመም። ስለዚህ ምቱ የሚወለደው ከብቸኛ ሕዋስ ሳይሆን ሕዋሳቱ እርስ በርስ ከመቀስቀሳቸው ነው የሚሉ አሉ፤ በካልሲየም የሚነሳ ፍሰትም ይጨምሩበታል። ይህ ግን የ1999ኙን ሞዴል አልጣለውም። ኢልያ ራይባክና ስሚዝ ከሌሎች ጋር በ2007 ባወጡት ሰፊ ሞዴል ውስጥም የሶዲየሙ ፍሰት ቦታውን እንደያዘ ነው።

ጉዳዩ የላብራቶሪ ብቻ አይደለም። እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ኦፒዮይዶች፣ ይህን ስብስብ ያዘገዩታል፤ ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ሰውን የሚገድለውም በዋናነት እስትንፋሱን በማቆም ነው።

ሞዴሉን ዛሬ በተራ ላፕቶፕ ማስኬድ ይቻላል። በሕዋሱ ሽፋን ሁልጊዜ የሚያፈስ ትንሽ ፍሰት ሕዋሱን የሚስብበትን ቮልቴጅ ነጌቲቭ 65 ሚሊቮልት ላይ ስታስቀምጡት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይተኛል። ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ይነሳል፣ ያዘንባል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። የበለጠ ስትገፉት ግን ዕረፍቱ ይጠፋና ያለማቋረጥ ይተኩሳል።