ፕሮባዮቲክስ ምንድን ነው? የቤታችን እርጎስ ይቆጠራል?

ፕሮባዮቲክስ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ትርጉሙን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሕያው መሆናቸው ነው። እንጀራ በእርሾ ቢቦካም ምጣድ ላይ ባክቴሪያው ያልቃል፤ አይብም አሬራው እሳት ላይ ስለሚጣድ አብዛኛው ይሞታል። ከሰሜን ሸዋ ማዕድ ለፕሮባዮቲክስ የሚቀርበው እርጎ ነው። እሱም ቢሆን የትኛው ዝርያ ምን ያህል እንዳለበት ስለማይታወቅ፣ ከፋርማሲ ከሚገዛው ጋር እኩል አይታይም።

እርጎ ግን በእርግጠኝነት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው አዋቂ እርጎን ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ የወተቱን ስኳር (ላክቶስ) በመፍጨት ባክቴሪያው ራሱ ያግዘዋልና። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲወሰድ ለሚመጣው ተቅማጥ ደግሞ ማስረጃ ያላቸው ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ እና ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ማሸጊያው ላይ የዝርያው ሙሉ ስም ከሌለ ገንዘብ ባይወጣበት ይሻላል። የሰውነት መከላከያው በጣም የተዳከመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድ ጥሬ ወተት በወይራ በታጠነ ዕቃ ሲቀመጥ እስኪረጋ ቀናት ይፈጃል፤ ጭሱም መዓዛ ሲሰጥ መኮምጠጡን ያዘገያል። ችግሩ ጥሬነቱ ላይ ነው። የብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ጀርሞች በኮምጣጣነቱ ብቻ ይሞታሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ወተቱ ይፈላ። የፈላ ወተት ግን ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይበላሻል እንጂ በወጉ አይረጋም፤ የሚያረጋው ባክቴሪያም አብሮ ሞቷል። ስለዚህ እርሾ ያስፈልጋል፤ ያውም ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ የተወሰደ። ከጥሬ ወተት እርጎ ከተጨመረበት ጀርሙ ተመልሶ ይገባል፣ ማፍላቱም ከንቱ ይሆናል።

አንድ ሊትር ወተት አፍልተው ትንሿን ጣት ሳያቃጥል እስከ አስር እስኪያስቆጥር (ከ40 እስከ 45 ዲግሪ) ያቀዝቅዙት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ በጥቂት ወተት በጥብጠው ይጨምሩና ከድነው በጋቢ ይጠቅልሉት። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይበቃዋል። ትኩስ ሳለ ከተጨመረ እርሾው ይሞትና ወተቱ ወተት ሆኖ ያድራል። እየረጋ ሳለ ከተነቀነቀ አጓቱ ይለያል፤ ይህ አይጎዳም። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነገር ከታየበት ግን ላዩን ገፎ መብላት የለም፣ ሁሉም ይደፋል።

በጾም እርጎ ይቀራል። ያኔ ባቄላው፣ አተሩና ገብሱ አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይመግባሉ፤ ይህም ቀላል አይደለም።

ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ እርጎም ቅቤም አይቀምስም። በጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው፣ ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመግብ ስኳር አለ። እንገሩ አይታለብ፣ አይጣል። በሆድ ቁርጠት ለሚያለቅስ ጡት የሚጠባ ሕፃን ላክቶባሲለስ ሬውተሪ የተባለው ጠብታ ልቅሶውን እንደሚያሳጥር ጥናቶች አሳይተዋል፤ የተለመደው መጠን በቀን 5 ጠብታ ነው። የቆርቆሮ ወተት ለሚጠጣ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ፕሮባዮቲክስ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሰጥም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው በደም ውስጥ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል ነው።

ከ6 ወር በኋላ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ገንፎው ከበረደ በኋላ ይጨመርለታል። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቀላቀልበት፤ ለነርቭ የሚያሰጋ መርዝ የሚያመነጭ ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

ለልጆች ተቅማጥ እርጎም ሆነ ጠብታው ኦ.አር.ኤስ.ን (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) አይተካም። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ደም ካለበት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ።