«ደህና ይራመዳሉ እኮ!» እና ሌሎች አረጋውያንን የሚጥሉ እምነቶች

ዕድሜያቸው 65 ከሞላና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በየዓመቱ ይወድቃል። የዳሌ አጥንት ስብራት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው በመውደቅ፣ ይበልጡን ወደ ጎን በመውደቅ ነው። ይህ ሁሉ እየታወቀ የሰውነት ሚዛን፣ ማለትም ሳይወድቁ የመቆምና የመንቀሳቀስ ችሎታ፣ አሁንም በግምት ይታለፋል። ደም ግፊትን ፊት አይቶ የሚናገር ባለሙያ የለም፤ ስኳርንም በግምት የሚያክም የለም። ወደ ሚዛን ሲመጣ ግን ቤተሰቡም ባለሙያውም ዓይኑን ያምናል። ደጋግመው ከሚሰሙት እምነቶች የተወሰኑትን እንያቸው።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» ዕድሜ አደጋውን ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። ሰው የሚወድቀው ግን የጭኑ ጡንቻ ስለሳሳ፣ የእግሩ መዳፍ ስለደነዘዘ፣ ዓይኑ ስለደከመ ወይም ማታ የዋጠው የእንቅልፍ ክኒን ሌሊት ሲነሳ ገና ስላልለቀቀው ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ መላ አላቸው። ዕድሜን ተጠያቂ ማድረግ ምርመራውን ለመዝለል የሚመች ሰበብ ነው።

«መነጽር ካደረጉ ይበቃል።» የቅርብና የሩቅ በአንድ ላይ ያለበት መነጽር ወደ ታች ሲያዩበት ደረጃውን ያደበዝዘዋል። ከቤት ውጭ ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው የሩቅ ብቻ የሆነ ሁለተኛ መነጽር ይሻላል።

«አያቸዋለሁ እኮ፣ ደህና ይራመዳሉ።» ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይህኛው ነው፤ የሚናገሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚኖሩት ልጆች ናቸው። ለጥ ባለ ወለል ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ወደፊት መራመድ ለሚዛን ቀላሉ ሥራ ነው። ብዙዎች የሚወድቁት ከመቀመጫ ሲነሱ፣ ሲዞሩ፣ ሲቀመጡ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ሲንጠራሩ ወይም እየተራመዱ ሲያወሩ ነው። ሚዛን የሚጠበቀው በሦስት ነገሮች ትብብር ነው፦ በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት። አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። እግራቸው የደነዘዘ ሰው ቀን ቀን በዓይናቸው ተደግፈው ስለሚሄዱ ምንም አይታይባቸውም፤ ሌሊት መብራት ሳያበሩ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሱ ግን ደጋፊያቸው ዓይን የለም። ልጅየው ያየው የቀኑን አረማመድ ነው።

ስለዚህ ይለካ። ወንበር፣ ሰዓትና ሜትር ካለ ይበቃል።

የመጀመሪያው ልኬት «ታይምድ አፕ ኤንድ ጎ» የሚባለው ነው፤ ተነስቶ፣ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥ። መቀመጫው ከወለሉ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። ከፊቱ 3 ሜትር ለክተው ወለሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ተመርማሪው የዘወትር ጫማቸውን አድርገው፣ በከዘራ የሚሄዱ ከሆነ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። «ይጀምሩ» ሲባል ይነሳሉ፣ በተለመደው እርምጃቸው እስከ ፕላስተሩ ይሄዳሉ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ለልምምድ ያድርጉት፣ ከዚያ ሰዓት ይያዝ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ ተብሎ ይያዛል።

እንዲህ ቀላል ሆኖም ይበላሻል። ሰዓቱ መቆጠር ያለበት «ይጀምሩ» ከተባለበት ቅጽበት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሰውየው ከወንበሩ ሲነሱ ነው የሚጫነው። እንደዚያ ከሆነ ለመነሳት የታገሉበት ጊዜ፣ ማለትም ዋናው መረጃ፣ ከልኬቱ ወጣ ማለት ነው። ሶፋ ላይ አስቀምጦ መለካትም ቁጥሩን ያረዝመዋል፤ ከሰመጠ መቀመጫ ማንም በቶሎ አይነሳም። «ቶሎ ቶሎ፣ ጎበዝ!» እያሉ ማበረታታት ደግሞ ያሳጥረዋል። ከሁሉ የከፋው ክንድ ይዞ አብሮ መሄድ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚለካው የያዥው ሚዛን ነው። ከጎን፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ፣ እጅን ለመያዝ አዘጋጅቶ ሳይነኩ መከተል በቂ ነው።

ሰዓት የያዘ ሰው ዓይኑንም ይጠቀም። በ11 ሰከንድ ጨርሰውም ለመውደቅ የተቃረቡ አሉ። አንዲት እናት ከወንበሩ ለመነሳት አንዴ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ እንበል፤ በሁለተኛው ተነሱ። ፕላስተሩ ጋ ሲደርሱ በሁለት ሦስት እርምጃ ከመዞር ይልቅ ስድስት ሰባት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ዞሩ፤ ጣታቸው ግድግዳውን ዳሰስ አደረገ፤ መጨረሻ ላይ በቀስታ ከመቀመጥ ይልቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ቁጥሩ «ደህና» ይላል፤ አራቱ ምልክቶች ግን አይሉም። ከሰከንዱ ጎን እነዚህም ይጻፉ።

ሁለተኛው ልኬት አራት ዓይነት አቋቋም አለው፤ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ፣ ዓይን ሳይጨፈን፣ ያለ ከዘራ። እግሮችን አጠጋግቶ ጎን ለጎን መቆም፣ ቀጥሎ አንዱን እግር በግማሽ መዳፍ ማስቀደም፣ ከዚያ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት በአንድ መስመር ማድረግ፣ በመጨረሻ በአንድ እግር መቆም። እጅ ቢዘረጋና ሰውነት ቢወዛወዝ ችግር የለውም፤ እግር ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ግን ያ ደረጃ አልተያዘም። ቁልፉ ሦስተኛው ነው። ተረከዝና ጣት አጋጥመው 10 ሰከንድ መቆየት ያቃታቸው ሰው ሥጋት አለባቸው። እግራቸውን እስኪያስተካክሉ ክንዳቸውን ይያዙላቸው፣ ከዚያ ሲለቋቸው መቁጠር ይጀምሩ።

ሦስተኛው የእግር ጉልበት ነው። መደገፊያ ክንድ የሌለው፣ ከወለሉ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንበር፤ እጆች ደረት ላይ ተቆላልፈው፤ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነስተው ተቀመጡ? 30 ሰከንድ ሲሞላ ከግማሽ በላይ ተነስተው ከሆነ እሱም ይቆጠራል። ለመነሳት በእጃቸው ከተደገፉ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ «ትንሽ ነው የነኩት» ብሎ ማዘን የለም። ከ65 እስከ 69 ዓመት ባሉት ሴት ከ11፣ ወንድ ከ12 ካነሱ፣ ከ80 እስከ 84 ዓመት ባሉት ደግሞ ሴት ከ9፣ ወንድ ከ10 ካነሱ ከእኩዮቻቸው በታች ናቸው።

«ሚዛን የሚለካው በማሽን ነው።» የሰውነትን ውዝዋዜ የሚመዘግብ ሰሌዳ አለ፤ ሳይንቀሳቀስ የቆመውን ሰው በጥሩ ሁኔታ ይለካል። መዞርና መቀመጥን ግን አይነግርም። ማሽኑ የለም ተብሎ ወንበርና ሰዓት መተው የለባቸውም።

«በርግ ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል፣ አይወድቁም።» በርግ ባለሙያ እያየ ነጥብ የሚሰጥበት የሚዛን መለኪያ ነው፤ 14 ተግባራት አሉት፤ ጣሪያው 56 ነጥብ ነው። ከ14ቱ አንዱም መራመድን አይመለከትም። ሻል ያለ አቅም ያላቸው በቀላሉ ጣሪያውን ስለሚነኩ በእነሱና በጠንካሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል።

«አያዞራቸውም፣ ስለዚህ ግፊታቸው ደህና ነው።» ሲቆሙ ግፊታቸው የሚወርድ ብዙ ሰዎች ምንም አይሰማቸውም። 5 ደቂቃ አስተኝተው ይለኩ፣ ያስቁሟቸው፣ ከዚያ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ቆመው ሳለ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መድኃኒቶቻቸውን ሐኪም ይያቸው። ቁጭ ባለ ሰው ላይ ብቻ የተለካ ግፊት ስለዚህ ነገር ምንም አይልም። ክኒን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

«ከዘራ ያሰንፋል።» ቁመቱ ያልተለካ ከዘራ ይጥላል እንጂ። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጅዎን ዝም ብለው ወደ ታች ይልቀቁ፤ የከዘራው መያዣ ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ጋር እኩል መሆን አለበት። የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ያኔ ክብደቱ ሁሉ ወደ ደካማው ጎን ያጋድላል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ይቀየር።

«አንዴ ወድቀዋል፣ አርፈው ይቀመጡ።» የተቀመጠ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ የሚቀጥለው መውደቅ ይቀርባል።

«በየቀኑ በእግር ስለሚሄዱ ይበቃቸዋል።» የእግር ጉዞ ለልብ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን መውደቅን ሲቀንስ አልታየም። የሚቀንሰው ሚዛንን የሚፈትን እንቅስቃሴ ነው፤ በቤታቸው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የመውደቅ ብዛት በሩብ ያህል ቀንሷል። በሳምንት 3 ሰዓት ያህል፣ ሳያቋርጡ። ወገብ የሚደርስ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ፊት ይቁሙ፣ ከኋላ ወንበር ይኑር። ተረከዝና ጣት አጋጥሞ መቆም በሁለት እጅ ተደግፎ ይጀመራል፤ ሲለመድ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በአንድ ጣት፣ ከዚያ እጅን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርጎ። ቀጥሎ ወደ ጎን መራመድ፣ ተረከዝ ማንሳት፣ ከወንበር በዝግታ መነሳትና መቀመጥ። ልኩ ይህ ነው፦ መወዛወዝ ካልመጣ ቀሏል፤ ጠረጴዛውን ጨብጠው ካልለቀቁ ከብዷል። ብዙ ቤት የሚበላሸው ቀላሉን ደረጃ ለወራት በመደጋገም ነው።

«አምና ተለክተዋል።» በዓመት አንድ ጊዜ ቢያንስ፤ ደግሞም ከማንኛውም መውደቅ በኋላ፣ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላና አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ይደገም። በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጫማ፣ በዚያው የቀኑ ሰዓት። የአንድ ሰከንድ ልዩነት ከቀን ቀንም ይመጣልና አያስደስት፣ አያስደንግጥ። የወንበሩን ቁመት ከውጤቱ ጎን ይጻፉት፤ አለዚያ የአምናው 14 ሰከንድ ዘንድሮ 11 ሲሆን የተሻሻሉት እናትዬዋ ይሁኑ ወንበሩ ማወቂያ የለም።