ቅድሚያውን ለሎጥ የተወ ሰው

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፦

በጥቂት ዕቃ መኖር ሰሞነኛ ትምህርት ሆኗል፤ ሚኒማሊዝም ይሉታል። ቁም ሳጥን ማራገፍ መልካም ነው። መጥምቁ ዮሐንስም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ብሏል (ሉቃ. 3፥11)። ነገር ግን ያረጀ ልብስ የሚሰጥ እጅ ሁሉ ጥቅሙን አሳልፎ አይሰጥም። ለዚህ አባታችን አብራምን እንመልከት።

አብራምና የወንድሙ ልጅ ሎጥ በከነዓን የነበረውን ረሃብ ወደ ግብፅ ወርደው አብረው አልፈዋል። ከግብፅ ሲመለሱ ግን አብራም በከብት፣ በብርና በወርቅ በልጽጎ ነበር፤ ሎጥም መንጋና ድንኳን ነበረው። ምድሪቱ አልበቃቻቸውም፤ እረኞቻቸው ተጣሉ (ዘፍ. 13)። ረሃብ ያልለያየውን ቤተሰብ ሀብት ለየው። በውርስ ቤት ምክንያት ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ወንድማማቾችን ያየ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል።

አብራም አጎት ነው፤ ታላቅ ነው። ምድሪቱም ለዘሩ ተስፋ የተሰጠችው ለእርሱ ነበር። መጀመሪያ ቢመርጥ ማን ይከስሰው ነበር? እርሱ ግን «እለምንሃለሁ» አለ። ታላቁ ታናሹን ለመነ! «አንተ ግራውን ብትወስድ እኔ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ፤ አንተም ቀኙን ብትወስድ እኔ ወደ ግራ እሄዳለሁ።» እንዲህ ሊል የቻለው የሰጠውን አምላክ ስለሚያውቅ ነው። ተስፋው በመስኩ ልምላሜ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም።

ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ እንደ እግዚአብሔር ገነት ውኃ የጠገበ ነበር። ውኃውን አየ እንጂ ጎረቤቶቹን አላየም፤ ድንኳኑን እስከ ሰዶም አደረሰ። እኛም ደመወዙን አይተን ሥራ እንቀይራለን፤ ሥራው ከቅዳሴ፣ ከልጆቻችንና ከእንቅልፋችን ምን እንደሚወስድ የምንጠይቀው ውሉን ከፈረምን በኋላ ነው። ለሰርግ ድግስ የምንበደረውም እንዲሁ ነው።

እግዚአብሔር አብራምን ያናገረው «ሎጥ ከተለየው በኋላ» ነው። ሎጥ ዓይኑን በራሱ አነሣ፤ አብራም ግን «ዓይንህን አንሣ» እስኪባል ቆየ።

በምዕራፍ 14 ደግሞ ነገሥታት ሰዶምን ወግተው ሲዘርፉ ሎጥ ተማረከ። አብራም 318 ሰዎች አስከትሎ አዳነው፤ «የመረጥከው አንተ ነህ» ሲለው አናነብም። መተው ማለት ቂም ይዞ መጠበቅ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ከቤቱ ባልወጣ ነበር። የሰዶም ንጉሥ ምርኮውን ውሰድ ሲለውም ከፈትል እስከ ጫማ ማዘቢያ አልነካም አለ፤ «አብራምን ባለጠጋ አደረግሁት» እንዳይባል።

ብዙ ሰባክያን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን የሚቀጥለውን ቁጥር እወደዋለሁ። አብራም ብላቴኖቹ የበሉትን አላስመለሰም፤ አብረውት የሄዱት አውናን፣ ኤስኮልና መምሬም ድርሻቸውን ይውሰዱ አለ። የተወው የራሱን ነው። ሚስቱን ሳያማክር የቤቱን ገንዘብ መጽውቶ «ለዓለም ሞቻለሁ» የሚል ወንድም፣ ወይም ለምናኔ ፍቅር ሲል የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስቀር አባት፣ ይህን ቁጥር ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያንብበው።