የማረሻ ብረት አበላል በወሎ

ማረሻን የሚበላው በአፈሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ብረቱን በትንሹ ይፍቀዋል። ትንሽ ትንሹ ተጠራቅሞ ጫፉ ይዶለዱማል። የዶለዶመ ማረሻ ደግሞ ጠልቆ አይገባም፤ በሬውንም ገበሬውንም ያደክማል።

ጥንካሬ በቪከርስ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጥንካሬው የሚጨምር መለኪያ ነው) ሲለካ ተራ የግንባታ ፌሮ ከ150 እስከ 200 አካባቢ ነው። በደንብ የተዘጋጀ የመኪና ባሌስትራ ከ400 እስከ 500 ይደርሳል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ግን 1000 ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ኳርትዝ በበዛበት መሬት ሁለቱም ይበላሉ፤ አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ቆይቶ።

የወሎ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገር ነው። ባዛልት ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዋና ዋና ማዕድኖቹም ከኳርትዝ ይለሰልሳሉ። ስለዚህ በጃማና በደላንታ ዋልካ ላይ ከመፋቁ ይልቅ የጭቃው መጣበቅ ቢያስመርር አይገርምም። የማረሻ መከራ ያለው ተዳፋቱ ጭንጫ ላይ ነው። እዚያ ብረቱ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ከመጠን በላይ የጠነከረ ብረት በመፋቅ ከማለቁ በፊት ጫፉ ተሸርፎ ይቀራል።

ለቀጥቃጭ የሚመቸው አሮጌ ባሌስትራ ነው። ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን አለው፤ ብረት ግሎ ሲነከር የሚጠነክረውም በካርቦኑ ነው። ወናፉ ይነፋል፣ ብረቱ ይቀላል፣ ጫፉ በመዶሻ ይሾላል። ሥራው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥቅጦ አየር ላይ ቢተወው የባሌስትራው ጥንካሬ ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ ቢነክረው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሻላል። ከነከሩት በኋላም በመጠኑ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። የጸዳው ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ 300 ዲግሪ ገደማ ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ለጭንጫ መሬት ከሰማያዊው አልፎ ቢሞቅ ይመረጣል። ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን በቀላሉ አይሰበርም። እሳት ላይ ብዙ የቆየ ብረት ደግሞ የላዩ ካርቦን ይቃጠልና ቶሎ ይፋቃል። ይህን ሁሉ በዓይኑ የሚለይ ባለሙያ ነው እንግዲህ «ቡዳ» እየተባለ ሲታማ የኖረው።

ሌላው ዘዴ ጫፉን ክሮም የሚባለው ብረት በበዛበት ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በመበየጃ ዘንግ፣ መበየድ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከተበየደ ሌላው ወገን ቀድሞ ስለሚፋቅ ማረሻው እያረሰ ራሱን ይስላል። ለዚህ ግን መብራት፣ ብየዳ ቤትና ከተራው የሚወደድ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል።