የጭስ ማውጫን መጠቅለል ምን ያቀዘቅዛል?

ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ባለው መኪና ላይ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ መጠቅለል «ሞተሩን ያቀዘቅዛል» ሲባል በጅማ ጋራዦች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አባባሉ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ጨርቁ ሙቀቱን በቱቦው ውስጥ ይዞ ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ቱቦው ራሱ ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል፤ የሚቀዘቅዘው በኮፈኑ ሥር ያለው አየር ነው፤ ጭሱም ሙቀቱን ብዙ ሳያጣ ስለሚደርስ የቱርቦውን ተርባይን (ጭሱ የሚያዞረውን ክፍል) በተሻለ ጉልበት ያሽከረክራል።

በቤንዚን ቱርቦ ሞተር የጭሱ ሙቀት በከባድ ጭነት ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ጉዳቱ አንዳንዴ በዓይን ይታያል፦ በቱርቦው አጠገብ ያለፈው የሽቦ ልባስ ተኮማትሯል፤ ከጎማ የተሠራው ቱቦም ደርቆ በጥፍር ሲጫኑት ይሰነጠቃል።

በእኔ እምነት ከጨርቁ በፊት ሊታይ የሚገባው የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚከልለው የቆርቆሮ ጋሻ ነው፤ ለጥገና ተፈትቶ ሳይመለስ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። ጋሻው በእርሱና በቱቦው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ስለሚያስፈልገው፣ ከቱቦው ጋር አጣብቆ ማሰር ጥቅሙን ያሳጣዋል።

ጨርቁ ደግሞ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር እርጥበት ይዞ ተራውን ብረት ያዝገዋል፤ ዘይት ከጠጣም ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ የዘይት ፍሳሽ ያለበት ሞተር ፍሳሹ ሳይጠገን ፈጽሞ መጠቅለል የለበትም።