የኤም ቢ ኤ ተማሪዎች የማማከር ፕሮጀክት

የማማከር ፕሮጀክት የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ተቧድነው፣ አንድ ድርጅት በእውን የገጠመውን ጥያቄ በተወሰነ ጊዜ አጥንተው መልስ የሚያቀርቡበት የትምህርት ዘዴ ነው። ከተለመደው የሥራ ልምምድ ይለያል። ለልምምድ የወጣ ተማሪ በአንድ አለቃ ሥር ሆኖ የዕለት ተግባር ያከናውናል። የማማከር ቡድን ግን ተጠሪነቱ ለድርጅቱም ለመምህሩም ነው፤ የሚመዘነውም በዋለበት ሰዓት ሳይሆን ባስረከበው ምክር ነው።

ዘዴው ዕድሜ ጠገብ ነው። በፈረንሳይ ኤሴክ የተባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የማማከር ድርጅት አቋቋሙ፤ ጁኒየር ኢንተርፕራይዝ የሚባለው እንቅስቃሴ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችና ወደ ብራዚል ተዛመተ። በአሜሪካ ደግሞ ተማሪዎች አነስተኛ ነጋዴዎችን የሚያማክሩበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ተጀመረ። ትምህርትን በኬዝ (አንድ ድርጅት የገጠመውን ችግር በሚተርክ ጽሑፍ) ውይይት በመስጠት የሚታወቀው ሃርቫርድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ተማሪዎቹን ወደ መስክ የሚያወጣ ፊልድ የተባለ ኮርስ ጨምሯል። የኤም አይ ቲ ስሎን ትምህርት ቤት ጂ-ላብ የተባለው ኮርስ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቡድኖችን ወደ ውጭ አገር ኩባንያዎች ይልካል፤ ተማሪዎቹ በመኸር ወራት ከርቀት ሲሠሩ ቆይተው ጥር ላይ ድርጅቱ ባለበት አገር ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣሉ።

አሠራሩን ጠለቅ ብሎ ለማየት የሚመቸው በአሜሪካ፣ በአን አርበር ከተማ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሮስ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው። ማፕ በሚል አጭር ስም የሚጠራው ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992፣ ጆሴፍ ዋይት ዲን በነበሩበት ጊዜ ነው። ማፕ የመደበኛ ኤም ቢ ኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ግዴታ ነው። ድርጅቶች ጥያቄያቸውን አስቀድመው ያስገባሉ፣ ተማሪዎች ፕሮጀክቶቹን በምርጫቸው ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከዚያም ድልድል ይደረጋል። በጸደይ ለሰባት ሳምንት ሌላ ክፍል የላቸውም። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። አምስት ተማሪ በሳምንት አርባ አርባ ሰዓት ሲሠራ በሰባት ሳምንት 1,400 የሥራ ሰዓት ይሆናል። ፕሮጀክቱ ከሌሎች ኮርሶች ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ግን ፈተና በመጣ ቁጥር የሚገፋው እሱ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚቀረው በሳምንት አምስትና ስድስት ሰዓት ነው።

የፕሮጀክቱ ዕጣ የሚወሰነው በመጨረሻው ፕሬዘንቴሽን ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ነው። ድርጅቶች የሚያመጡት ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሰፊ ነው። አንድ የብስኩት ፋብሪካ «ሽያጫችን ለምን ቀነሰ?» ብሎ መጣ እንበል። ይህ ሰባት ሳምንት ቀርቶ ሰባት ወርም አይበቃውም። ቡድኑ ከሽያጭ ኃላፊው፣ ከመጋዘን ሠራተኛውና ከሁለት ሦስት አከፋፋዮች ጋር ተነጋግሮ ጥያቄውን ያጠብባል፦ አከፋፋዩ ካዘዘበት ቀን አንሥቶ ዕቃው እጁ እስኪገባ የሚወስደውን ጊዜ ለማሳጠር በመጋዘንና በጭነት በኩል ምን ይቀየር? አሁን የሚለካ ነገር ተገኘ።

የተስማሙበት ነገር ከሁለትና ከሦስት ገጽ በማይበልጥ የስምምነት ደብዳቤ ይሰፍራል። ደብዳቤው ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል። የትኛው ፋይል በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ በድርጅቱ በኩል የሚወስነው ሰው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻ የሚረከበው ሰነድም ምን እንደሆነ ይገልጻል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን «ይህ ፕሮጀክት የማያካትተው» የሚለው አንቀጽ ነው። እሱ ከሌለ በአራተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ «እግረ መንገዳችሁን ማስታወቂያውንም እዩልን» ይላል፤ ተማሪዎች ደግሞ እንግዳ ናቸውና እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ በመሀል ከቦታው ቢነሣ ተተኪው የሚይዘውም ያንኑ ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በግምት እንዲህ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት መረጃ ለመሰብሰብና ሰው ለማነጋገር ይውላል፤ አምስተኛው ለትንተና። ስድስተኛው ሳምንት ረቂቁን ምክር ሥራውን ለሚሠሩት ሰዎች አሳይቶ ማስተቸት ነው። ሰባተኛው ሪፖርት ማጠናቀቅና ማቅረብ ነው። ስድስተኛውን ሳምንት የዘለለ ቡድን በመጨረሻው ቀን በአለቆች ፊት ሲያቀርብ፣ የመጋዘን ኃላፊው ተነሥቶ «ይህን እኮ አምና ሞክረን ትተነዋል» ይለዋል።

መረጃው ራሱ ብርቱ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ድርጅት የኤክሴል ፋይል ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የቀን ጣጣ ነው። «05/03/2016» የሚል መስመር ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመጋቢት ወይም የግንቦት ቀንም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ዓምድ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ መለየት የሚቻለው ከዋናው ደረሰኝ ጋር በማመሳከር ነው። ወርሃዊ ሽያጭ በግራፍ ሲሳል ደግሞ ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ከተቆጠረች ገበያው በድንገት የተደረመሰ ይመስላል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ከነሐሴ ጋር መደመር አለባት። የደንበኛ ስምም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በአንዱ መስመር ፀሐይ፣ በሌላው ጸሀይ ተብሎ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ደንበኛ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ ሆሄ ማምጣት የግድ ነው። ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ካልተጣራም በ100 ብርና በ115 ብር መካከል ያለው ልዩነት ትርፍ መስሎ ይታያል። ለዚህ ሁሉ ከአንድ ሳምንት ያላነሰ መመደብ ይገባል።

ሰው ሲጠየቅ ሁለት ተማሪ ይሄዳል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ማስታወሻውም በዚያው ቀን ይገለበጣል። አለቃ ባለበት ክፍል ሠራተኛ የልቡን አይናገርም፤ ለብቻው፣ በሥራ ቦታው፣ ሥራውን እያሳየ ማነጋገር ይሻላል። «ትዕዛዝ እንዴት ይስተናገዳል?» ከማለት «ትናንት የመጣውን የመጨረሻ ትዕዛዝ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» ማለት ብዙ ያስገኛል። የትኛው ፊርማ ሁለት ቀን እንዳዘገየው የሚወጣው ያኔ ነው።

በቡድኑ ውስጥ የሚደጋገመው ችግር ሸክሙ በሁለት ሰው ላይ መውደቁ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች አባላት እርስ በርስ እንዲመዛዘኑ ያደርጋሉ። ምዘናው መጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ቂም ማውጫ ከመሆን አያልፍም፤ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ሲደረግ ማስተካከያ ጊዜ ይኖራል።

ደካማ ሪፖርት በምክሩ ይታወቃል። «ለሠራተኞች ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» ወይም «ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከር» የሚል ነገር ምክር አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርምና። ጥሩ ምክር ባለቤት፣ ቀንና ወጪ አለው፦ ከ50 ካርቶን በታች ያለውን ትዕዛዝ የመጋዘን ኃላፊው ራሱ እንዲፈቅድ፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ፣ ለአንድ ተጨማሪ ማኅተም ማሠሪያ ብቻ በሚወጣ ገንዘብ። ከስላይዱ ጋር ስሌቱ የተሠራበት ፋይልም ከነማብራሪያው መሰጠት አለበት፤ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ቁጥሩን የሚያድሰው የድርጅቱ ሰው ነው።

ክፍያን በተመለከተ አንድ ወጥ አሠራር የለም። አንዳንድ ትምህርት ቤት ከድርጅቱ ክፍያ ይቀበላል፣ ሌላው የጉዞና የማረፊያ ወጪ ብቻ ያስሸፍናል፣ አነስተኛ ድርጅቶችንና በጎ አድራጊዎችን በነፃ የሚያገለግልም አለ። የምስጢር መጠበቂያ ውል የሚፈረመው ፋይል ከመሰጠቱ በፊት ነው።

በኢትዮጵያ የኤም ቢ ኤ ተማሪ በአብዛኛው የሚመረቀው በጥናታዊ ጽሑፍ ነው። የተለመደው መንገድ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» የሚደርስ መጠይቅ በትኖ መተንተን ነው። ይህ ጥናት ያስተምራል፤ ነገር ግን ጥያቄው የተማሪው እንጂ የድርጅቱ ስላልሆነ ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይቀራል። ብዙዎቹ በማታና በቅዳሜና እሑድ የሚማሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሆኑ የሰባት ሳምንት ሙሉ ቀን አይሠራላቸውም። ለእነሱ የሚያዋጣው ጊዜውን ወደ አራት ወር ማስረዘምና ጥያቄውን የበለጠ ማጥበብ ነው። ቡድኑ ከአባላቱ የአንዱን መሥሪያ ቤት ሊያጠና ይችላል፤ ነገር ግን የዚያ ቤት ሠራተኛ የሆነው አባል በሩን ይክፈት፣ ፋይሉን ያስመጣ እንጂ ባልደረቦቹን ራሱ መጠየቅ የለበትም።